እበት ሳይዙ መግባት ክልክል ነው

ወይዘሮ ይርገዱ ያን ሕልም ያዩት ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ከበረቱ ደጃፍ ዱካ ላይ እንደተቀመጡ ነው። በዋዜማው ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ደርሷቸው ነበር፤ የላሞቻቸው እበት ሽታ ጎረቤት ስላስመረረ ባስቸኳይ መፍትሔ ያብጁ የሚል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱን ያቆሙት እነዚያ ሦስት ላሞች ናቸው። እበቱም ቢሆን አይጣልም። ግቢው ውስጥ በተቆፈረው ጉድጓድ ይብላላና ጋዙ ምድጃ ያነዳል፤ የተረፈው ዝቃጭ ጎመኑን ያለመልማል። ይህን ለሹሞቹ እንዴት እንደሚያስረዱ ሲያሰላስሉ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው።

በሕልማቸው አንድ ባልዲ እበት አንጠልጥለው ማዘጋጃ ቤት ደረሱ። ዘበኛው ብድግ ብሎ እጅ ነሣ።

«እርስዎ ይግቡ እማማ። የተከለከለው እበት ሳይዙ መግባት ነው።»

ከረባት ያሰሩ ሹሞች ባዶ ባልዲ ታቅፈው ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ነበር። አንዱ ቀሚሳቸውን ያዝ አደረገ።

«እናቴ፣ አንድ ጭልፋ ብቻ ይስጡኝ።»

«ምን ያደርግልሃል ልጄ?»

«ሰው መሆኔን ላስመዘግብበት።»

ውስጥ፣ በኃላፊው ወንበር ላይ የገዛ ላማቸው ቦራ ተቀምጣ ታመሰኳ ነበር። ኃላፊው ከፊቷ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።

«ሃምሳ ዓመት በልተሃል» አለችው ቦራ። «ከአንተ የወጣው ምን አበቀለ?»

ኃላፊው ብዙ አሰበ። «ምንም» አለና አለቀሰ።

«መሬትን አስገቡት» አለች ቦራ።

አጥንቱ የወጣ ሽማግሌ ግድግዳ እየተደገፈ ገባ። በሄደበት ሁሉ አቧራ ይረግፋል።

«ሣሬንም ገለባዬንም ሰጠሁ» አለ በደከመ ድምፅ። «የመለሰልኝ ማነው?»

ሁሉም አቀረቀረ። ወይዘሮ ይርገዱ ብቻ እጃቸውን አወጡ።

«እኔ መልሻለሁ» አሉ። ቀጥለው ግን ባልዲውን ቁጭ አደረጉ። «ጋዙ እስኪገባልን ድረስ ስንት ዓመት ኩበት እያደረግሁ አነደድሁት። ብርድ ነበር። ልጄም ሕፃን ነበረች።»

ሽማግሌው አልተቆጣም። ባልዲውን እግሩ ሥር ደፉለት። በጣቶቹ መካከል ገብስ በቀለ፤ ወዲያው ጉልበቱ ድረስ አደገ። ሹሞቹ ተንበረከኩ። ማንም አልሳቀም።

ቦራ ሰኮናዋን በቀለም ነክራ ወረቀት ላይ ረገጠች።

«ላሞቹ ይቆዩ። ከከተማው የሚወጡት ሰዎቹ ናቸው።»

«እኔስ?» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ።

ቦራ ማመስኳቷን አቆመች። አፏን ከፈተች።

«እማዬ! እማዬ ተነሺ!»

ልጃቸው ምንታምር ትከሻቸውን ይዛ ትነቀንቃቸዋለች። ከአጥሩ ውጪ የጭነት መኪና ሞተር ያጓራል።

«ከማዘጋጃ ቤት መጥተዋል።»

«እበቱን ሊያነሡ?»

«ላሞቹን ሊወስዱ» አለች ምንታምር። «እበቱን እንዳትነኩ ብለዋል። ለአደባባዩ አበባ ማዳበሪያ ይፈለጋል።»