የሳተላይቱ ጠበቃ

በእኛ አገር ቴሌቪዥን ሲጠፋ ጣሪያ ላይ የማይወጣ ወንድ አልተወለደም። ይህን ሕዝብ ከጣሪያ የሚያወርድ ሰው ደግሞ በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የእኛ የእንጅባራዎቹ ክቡር አቶ ውዱ ናቸው። ሥራቸው ዲሽ መትከል ነው፤ ሙያቸው ግን "አትንኩት" ማለት ነው።

ዲሼ አስቸገረኝ ብላችሁ ብትጠሯቸው ይመጣሉ፣ ወንበር ያስመጣሉ፣ ይቀመጣሉ። "ሳተላይቱ ምን አደረገ? ሠላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ከመሬት እኩል ይጋልባል። ሁለት ፈረሰኞች ጎን ለጎን ሲጋልቡ አንዱ ለሌላው የቆመ አይመስልም? እንደዚያ ነው።" አሥራ አምስት ዓመት ያለ እረፍት እንደሚያገለግል፣ ነዳጁን ከቦታው ላለመንሸራተት እየቆጠበ እንደሚጠቀም፣ ሊያልቅበት ሲል በቀረችው ከፍ ብሎ ቦታውን ለተተኪው እንደሚለቅ ይተርካሉ። "የእኛ ሰው ወንበር እንዲህ ይለቃል?" ይላሉ። ጎረቤቴ ሽመክት ምስል አጥቶ ሦስት ቀን ከርሞ ቢጠራቸው፣ ስለ ሳተላይቱ ጠባይ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማሩትና ሲወጡ ዲሹ ላይ የተሰጣውን ብርድ ልብስ አነሱለት።

ባለፈው መስከረም፣ በመስቀል ማግስት፣ የወይዘሮ እንቁ ልጅ ዮዲት አዲስ አበባ ላይ አሥር ሺህ ሜትር ሮጠች። ውድድሩ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። እናትየው ልጃቸው ስትወዳደር አይተው ስለማያውቁ ሰፈሩ በሙሉ ከእሳቸው ጋር ሊያይ ቤታቸው ታጨቀ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። ዮዲት ከፊተኞቹ መሃል ነበረች። ሃያ ደቂቃ እንደሮጡ ምስሉ ድርግም አለ።

እኔና ሽመክት ወደ መሰላሉ ተሯሯጥን። አቶ ውዱ ቀድመውን የመጀመሪያው መርገጫ ላይ ተቀምጠዋል።

"ጋሽ ውዱ፣ ይነሱልን እንጂ" አልኳቸው።

"አትንኩት። ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ መጥታ ዲሹን አጥበርብራው ነው። በመስከረምና በመጋቢት ለጥቂት ቀን እንዲህ ታደርጋለች። አሥር ደቂቃ ታገሱ፣ ታልፋለች። ካዞራችሁት ግን እስከ ማታም አታገኙት።"

"ልጄ እየሮጠች እኮ ነው" አሉ ወይዘሮ እንቁ ከበሩ ላይ።

"አውቃለሁ እንቁዬ። ለዚሁ ነው የተቀመጥኩት።"

ከአጥር ማዶ በየቤቱ የቀረው ሰው ሁሉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን ያሽከረክራል። እኔ በግኛለሁ። ሽማግሌ ባይሆኑ ኖሮ ብድግ አድርጌ አነሳቸው ነበር።

አሥር ደቂቃ ሲሞላ ምስሉ መጣ። ሁለት ዙር ቀርቷል፣ ዮዲት አራተኛ ናት። መጨረሻው ዙር ላይ አንዷን አልፋ ሦስተኛ ገባች። ወይዘሮ እንቁ እልል አሉ፣ አለቀሱ፣ ቴሌቪዥኑን ሳሙት። ዲሻቸውን ያዞሩት ጎረቤቶች እየተጋፉ ገብተው የእኛን እልልታ ተካፈሉ።

አቶ ውዱን ልመርቃቸው ብፈልግ ቤት ውስጥ የሉም። ወጥቼ ባይ መሰላሉ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው።

"ምነው፣ ሳያዩት ቀሩ?"

"እናንተ መች ትታመናላችሁ? አንዱ ሾልኮ ቢወጣስ ብዬ ነው" አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ስንተኛ ወጣች?"

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሁለቱን ዙር ከነትንፋሹ ተረኩላቸው። "ድገምልኝ" አሉ። ደገምኩ። ደግሞም ለመኑኝ። ሦስተኛው ላይ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዮዲትን ሁለተኛ አስገባኋት።