የይለፍ ቃል ያደረግኋት የክርስትና ስሜ

ወረታ ውስጥ «ምስጢር አለኝ» የሚል ሰው ዋሽቷል! እዚህ ጠዋት ያስነጠሰ ሰው ከሰዓት በኋላ በሦስት ቀበሌ «ይማርህ» ይባላል። ስለዚህ አንድ የሳይበር ደኅንነት አሠልጣኝ ግብርና ቢሯችን መጥቶ «ሚስታችሁ እንኳ የማታውቀው የይለፍ ቃል ምረጡ» ሲለን ላብ አጠመቀኝ። ምን የተደበቀ ነገር አለኝና? በመጨረሻ ትዝ ያለችኝ የክርስትና ስሜ ናት። መቼም ታውቃላችሁ፣ ጠላት ከሰማት ያስደግምባታል ተብላ የምትደበቅ ስም ናት። የሚያውቋት እናቴና የንስሐ አባቴ ብቻ! ኮምፒውተሩ ላይ ጻፍኳትና እየተንጎራደድኩ የዓመት ዕረፍቴን ወጣሁ።

ስመለስ... ጠፋችኝ! መልአኩን እንኳ አልረሳሁም (ማን እንደሆነ አልነግራችሁም!)። ግን ወልደ ነኝ፣ ገብረ፣ ኃይለ፣ ወይስ ተክለ? ሁለቱን ሞከርኩ፤ ማሽኑ አልተቀበለኝም። አንድ ሙከራ ብቻ እንደቀረኝ፣ ከሳትኩ እንደሚቆለፍ አስጠነቀቀኝ።

የቢሮዬ በር ላይ ደግሞ የቁሐር ሚካኤሉ ገበሬ ጋሼ ስመኘው ቆመዋል። የሩዝ ዘር የሚያደርሰው መኪና ነገ ጠዋት ይነሳል፤ የሚጭነውም ስማቸው ለተላከ ገበሬዎች ብቻ ነው። ስሙ ያለው የመረጃ ቋቱ ውስጥ ነው፤ ማሽኑን በራሱ የመጠይቅ ቋንቋ «ዘር ያልወሰዱትን አምጣ» ብሎ የሚያዘው ደግሞ እኔ ብቻ።

«ምነው ልጄ፣ ስሜ የለም እንዴ?»

«የእርስዎስ አለ... የጠፋው የእኔ ነው!»

የንስሐ አባቴን እንዳልጠይቅ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ መንገድ እየቀየርኩ የሸሸኋቸው ሰው ናቸው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ አንበሳሜ ላለችው እናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ የክርስትና ስሜ ማን ነበር?»

«አንተ ማነህ?» አለችኝ።

«ልጅሽ ነኛ!»

«ድምፁማ የልጄ ነው። ያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት የሰው ድምፅ እየሰረቀ ስላስቸገረ ሕግ ሊወጣለት ነው ብሎ ሬዲዮው ሲያወራ ሰምቻለሁ። እውነት ልጄ ከሆንህ...»

«ከሆንሁ?»

«የክርስትና ስምህን ንገረኝ!»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አለቃዬ ብቅ አለና «እናትህ ደውለው ነበር፤ ድምፅህን የሚያስመስል ሌባ ስላለ ተጠንቀቅ ብለዋል» አለኝ።

ምን ላድርግ? ሚኒባስ ተሳፍሬ አንበሳሜ ገባሁ። እናቴ ጉልበቴ ላይ ያለውን ጠባሳ አይታ፣ ጆሮዬን ቆንጥጣ ሰው መሆኔን ካረጋገጠች በኋላ በሹክሹክታ ነገረችኝ። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል እጄን ያዘች።

«ማልልኝ!»

«ምን ብዬ?»

«የትም ላትጽፋት!»

ማልኩ... ሳልምል አታስወጣኝማ! ከዚያ ቢሮ ተመልሼ፣ ጋሼ ስመኘው ዓይን ዓይኔን እያዩኝ፣ መሐላዬን በገዛ ጣቴ አፈረስኩት። ዝርዝሩ ወጣ፤ በማግስቱ መኪናው ጭኖ ሄደ።

መሐላ ያፈረሰ ሰው መሄጃው አንድ ነው። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ቁሐር ሚካኤል ድረስ ሄጄ በሩዝ ማሳቸው ዳር የንስሐ አባቴ እግር ሥር ወደቅኩ።

«አርባ ቀን ጹም፤ በየቀኑም አርባ አርባ ስገድ!» አሉ ፊታቸውን አጥቁረው። «ለመሆኑ ምን ብለህ ነው ያፈረስኸው?»

«ለዚህ አገር ገበሬ የሩዝ ዘር እንዲደርስ ብዬ ነው፣ አባ።»

ጢማቸውን አሻሹ።

«የእኔስ ስም አለበት?»

«አለበት፣ አባ።»

«እንግዲያ... ሦስት ቀን ይበቃሃል።»