ድምፁ የጉተማ፣ መልሱ የለሊሴ

«አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊለት፤ እሱ ያነብላቸዋል» አሏት ሥራ አስኪያጃችን ኦቦ ቶሎሳ፣ የሚጮኸውን ስልክ ለጉተማ እያቀበሉ። «ምን ቸገረሽ? ሥራው እንደሆነ ያንቺው ነው።»

ለሊሴ ጻፈች። ጉተማ አነበበ። ከባኮ የደወሉት የበቆሎ መጋዘን ሰዎች አመሰገኑ። ማንን? ጉተማን ነዋ።

ነገሩን ላስረዳችሁ። አምቦ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ካለ ሕንፃ ላይ፣ መጋዘኖች የገባና የወጣ እህላቸውን በስልክ የሚከታተሉበት ፕሮግራም የሚሠራ ትንሽ ድርጅት አለ። እኔ እዚያ የፕሮግራሙን የአማርኛ ጽሑፍ አሰናዳለሁ። ስክሪኑ ላይ «እባክዎ ትንሽ ይጠብቁ» የሚለው የኔ ድርሰት ነው፤ ከጻፍኩት ሁሉ ብዙ አንባቢ ያገኘልኝም እሱ ነው። ፕሮግራሙን ከሥሩ የሠራችው ለሊሴ ናት። ጉተማ ሻጭ ነው። ጥሩ ልጅ፣ ጥሩ ከረባት፣ ከሁሉ በላይ ጥሩ ወፍራም ድምፅ።

ደንበኛ ደውሎ የሴት ድምፅ ሲሰማ «እስቲ ባለሙያውን አቅርቢልኝ» ይላል ተባለና አሠራር ወጣ። ለሊሴ ጉተማ አጠገብ ትቀመጣለች። ጥያቄው በድምፅ ማጉያው ይመጣል፤ እሷ መልሱን ኮምፒውተሩ ላይ ትጽፋለች፤ እሱ ያነባል። አንድ ቀን በጥድፊያ ሲያነብ «ጉተማ፣ ቀስ በል» ብላ ጻፈችለት። እሱም «ጉተማ፣ ቀስ በል» ሲል ለደንበኛው አነበበለት። ደንበኛው «እሺ፣ ቀስ እላለሁ» አለ። የወንድ ድምፅ እምነት ያሳድራል የሚሉት እውነት ሳይሆን አይቀርም።

ለምን እንዲህ ይሆናል ሲባሉ ኦቦ ቶሎሳ መልስ አላቸው፤ «እኛማ ምን ገዶን፤ ማኅበረሰቡ ገና ነው እንጂ።»

ይህን ማኅበረሰቡ የሚሉትን ሰውዬ እናንተ አግኝታችሁት ታውቃላችሁ? እኔ ፈልጌዋለሁ። ጊንጪ አውቶቡስ ሲቆም ወርጄ ጠይቄያለሁ፣ ጉደር ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ጠይቄያለሁ። ሁሉም «እኔ እንኳ ግድ የለኝም፣ ማኅበረሰቡ ነው» ይለኛል። አድራሻ የለውም፤ ስልክ አያነሳም። ግን ማን ይቀጠር፣ ማን ይደግ፣ ማን ይናገር የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ደመወዝ የማይበላ የሰው ኃይል ኃላፊ።

ድርጅታችን ሴት አይወድም እንዳትሉ። በሴቶች ቀን ለሊሴ አበባ ተሰጥቷት «ሴቶች በቴክኖሎጂ» ከሚል ባነር ሥር ፎቶ ተነስታለች። ባነር ላይ የሴት ነገር ማንንም አያስደነግጥም፤ ባነር አይናገርም።

እኔን የሚያበሳጨኝ «ገበያው ይህን አይቀበልም» የምትለዋ ትሕትና ናት። ዕድሜ ልኩን በእጅ ጽሑፍና በቁልፍ የኖረን መጋዘን ጠባቂ «እህልህን ስልክ ውስጥ አስገባው» ብሎ ያሳመነ ድርጅት፣ የሴት ድምፅ ማስለመድ ከአቅሜ በላይ ነው ሲል አላምነውም። ዕቃው ሲሆን ማስለመድ ያውቅበታል።

እንዲህ ስንኖር ከባኮው መጋዘን ማኅበር ጥሪ መጣ። ኮምፒውተሩ በቆሎ ጎድሏል ይላል፤ አባላቱ እርስ በርስ በዓይን መጠራጠር ጀምረዋል፤ ባለሙያው በአካል መጥቶ ያስረዳን አሉ። ኦቦ ቶሎሳ ዘዴ አላጡም። ጉተማ ፊት ይቆማል፣ ለሊሴ ረዳት ተብላ ከኋላ ትቀመጣለች፣ መልሱን በስልክ መልእክት ትልክለታለች።

ለሊሴ ወንበሯን ወደ እሳቸው አዞረች። «ኦቦ ቶሎሳ፣ ባለሙያ ከተባልኩ እሄዳለሁ። ረዳት ከተባልኩ ግን የሥራ ልምዴን ይጻፉልኝና ልሰናበት።»

ኦቦ ቶሎሳ ጣሪያውን አዩ። «እሺ፣ ባለሙያ ተብለሽ ሂጂ» አሉ። ሄደች፤ ጉተማና እኔም ተከተልን።

ባኮ ሞቃት ነው፤ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ይብሳል። አባላቱ ጆንያ ላይ ተደርድረው ጠበቁን። ጉተማ ከረባቱን እያላላ ባለሙያዋ ለሊሴ መሆኗን ተናገረ። ከኋላ አንድ ሰውዬ «ወንዶቹ አልቀው ነው?» ብሎ በኦሮምኛ ጠየቀና ቤቱን አሳቀው።

«አላለቁም» አለች ለሊሴ በዚያው በኦሮምኛ። «አንዱ ይኸው ቆሟል። እሱን ከመረጣችሁ ጠይቁት፤ እኔ ውጭ እጠብቃለሁ።»

ሁሉም ጉተማን አዩ። ጉተማ ጫማውን አየ።

ከዚያ አስረዳቻቸው። በቆሎው ሲገባ እርጥብ ነበር፤ መጋዘን ውስጥ ሲደርቅ ክብደቱ ቀነሰ፤ ፕሮግራሙ ግን መድረቁን ስለማያውቅ ተሰረቀ ባይ ሆነ። «የነካ ሰው የለም። ፕሮግራሙን ስሠራ በቆሎ እንደሚደርቅ አላሰብኩም። ስህተቱ የኔ ነው» አለች፣ ቀና ብላ። ሰው ስህተቱን እንደ ርስቱ ሲያስከብር ያን ቀን አየሁ። ለካ መልሱን የወሰዱባት ሰዎች ስህተቷንም ወስደውባት ኖሯል።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ነገራ ጢማቸውን አሻሹ። «ኢንተለ ኮ» አሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ይህ ልጅ ስንጠይቀው ቆይቶ ቆይቶ ነበር የሚመልሰው። ከጀርባው ሰው እንዳለ ጠርጥረን ነበር። ለምን ደበቁሽ?»

ለዚያች ጥያቄ መልስ እንድጽፍላቸው ቢጠይቁኝ «እባክዎ ትንሽ ይጠብቁ» ከማለት ሌላ አይመጣልኝም ነበር።

ባኮ ሁሉ ተለወጠ አልላችሁም። ያ ያሳቃቸው ሰውዬ እስከ መጨረሻው አልተዋጠለትም፤ ጥያቄውን ለጉተማ ይወረውራል፣ ጉተማ ወደ ለሊሴ ያሳልፋል፣ እሷ ትመልሳለች። እሷ አልተዋጠችለትም። የበቆሎው ነገር ግን ገባው።

አምቦ ስንመለስ ኦቦ ቶሎሳ ደስ ብሏቸው ጠበቁን። ከእንግዲህ የባኮ ደንበኞችን በገዛ ድምፅዋ እንድታነጋግር ፈቀዱላት። የሌሎቹን ግን ቀስ ብለን እናየዋለን አሉ፤ የጊንጪዎቹን ስሜት ገና አላጠናንም፤ ለጊዜው ጉተማ ይቀጥል።

ይህን እያሉ ስልኩ ጮኸ። ከጊንጪ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ አንስተው እንደ ልማዳቸው ወደ ጉተማ ዘረጉት። ጉተማ እጆቹን ኪሱ ከተተ።

ለሊሴ ስልኩን ከእጃቸው ወሰደች።

«ሄሎ፣ ለሊሴ እባላለሁ። ፕሮግራሙን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ከወዲያ የተባለውን አልሰማንም።

«የለም፣ ሌላ ሰው አላቀርብም» አለች። «ይንገሩኝ፣ እየሰማሁ ነው።»

ከቢሯችን ጸጥ ያለው የኦቦ ቶሎሳ ክፍል ብቻ ነው። እያወራች ገባች። እሳቸው ሊከተሏት ሲሉ በሩን ዘጋችው።