የጋሼ ወንዳፈረው አቤቱታና የገነቴ ውሻ

ስሞተኛ የሌለበት ሰፈር ገና ሰፈር አልሆነም። ዶሮው ለምን ጮኸ፣ ጢሱ ለምን ወደዚህ ዞረ፣ ዝናቡ የእናንተን ቆርቆሮ ለምን እንዲህ ይደበድባል የሚል አንድ ሰው በየመንደሩ ተመድቧል። ማን እንደሚመድበው አይታወቅም። በደርግ ዘመን፣ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ፣ ከገነቴ አጥር ማዶ የተመደቡት ክቡር ጋሼ ወንዳፈረው ነበሩ።

ጋሼ ወንዳፈረው ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ ካምፕ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ያኔ ግሬደር ከጎናቸው እያጓራ ይተኙ እንደነበር ራሳቸው ይናገራሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን የሸረሪት ኮቴ ይቀሰቅሳቸዋል። አጥሩ ዘንድ ይመጡና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም" ይላሉ። ይህን የሰማ ሁሉ ነገሩ ለራሳቸው መሆኑን ያውቃል።

የጋሪ ፈረሶች ቃጭል ይቀነስ ብለዋል። የገነቴ እንሰት ቅጠል በነፋስ ሲንኳኳ፣ "እንግዳ የመጣ እየመሰለኝ ስንቴ በር ልክፈት?" ብለው ከሰዋል። ዋናው ክሳቸው ግን በአጥሩ ሥር ያለችው ቀዳዳ ነበረች።

"አንቺ ልጅ፣ ይቺን ቀዳዳ አትደፍኚም? ውሻሽ ጎመኔ መሐል እየገባ ይጋደማል!"

ገነቴ አስተማሪ ናት፤ ለትልቅ ሰው መልስ መስጠት ነውር መሆኑን ታውቃለች። ስለዚህ እንደ አገሩ ልማድ መልሷን ለውሻዋ ስም አድርጋ አወጣችለት። ምን አገባህ አለችው። ጠዋት ጠዋት ደጃፏ ላይ ቆማ "ምን አገባህ! ና ብላ!" ብላ ስትጣራ፣ አጥር ማዶ ጉሮሮ ይጠረጋል። ሰው አልተሰደበም፤ ውሻ ነው የተጠራው።

እንዲህ ተከባብረው ሲኖሩ ዱራሜ ያለችው እህቷ ጵርስቅላ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደረሰች። እናት የላቸውም፤ ከገነቴ ሌላ አራሷን የሚንከባከብ የለም። ውሻውስ? አውቶቡስ ውሻ አይጭንም። ለቅቃው እንዳትሄድ፣ በዚያ ሰሞን ባለቤት አልባ ውሾችን ለማጥፋት በየመንገዱ መርዝ የገባበት ሥጋ ይጣል ነበር። ምን አገባህ ደግሞ ሥጋ አማርጦ አያውቅም።

መጀመሪያ ገጠር፣ ፎንቆ፣ አክስቷ እልፍነሽ ዘንድ ወሰደችው። "ምን ችግር አለ የኔ ልጅ፣ ከጥጆቹ ጋር ይደር" አሉ አክስቷ። በማግስቱ ጠዋት የታኘከ ገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሆሳዕና፣ ደጃፏ ላይ ተጋድሞ ተገኘ።

ባለሱቁ ተክለጊዮርጊስ በደስታ ተቀበሉ። "መጋዘኔን ይጠብቅልኛል። ቀለቡን አንቺ ታመጫለሽ፤ የማደሪያውን ኪራይ እንነጋገራለን።"

"ዘበኛ ቀጥረው ኪራዩን ከዘበኛው ሊቀበሉ?"

"ንግድ ነዋ፣ እህቴ!" አሉ ሳቃቸውን ለቀቅ አድርገው።

አንደበተ ማሩ የቀበሌው ጓድ ተገኘ ነበር። "ለእኔ ተይው፤ ውሻ ነፍሴ ነው!" አለ፣ የውሻውን ጆሮ እያሻሸ። ገነቴ ገመዱን ልታቀብለው እጇን ስትዘረጋ ጓደኛዋ ውቢት ክንዷን ቆነጠጠቻት፤

"አብደሻል? መርዘኛውን ሥጋ የሚያድለው ኮሚቴ ጸሐፊ እኮ እሱ ነው!"

ገነቴ ተስፋ ቆርጣ ቤቷ ደጅ ተቀመጠች። አጥር ማዶ ጉሮሮ ተጠረገ።

"አንቺ ልጅ፣ ከትናንት በስቲያ ሌሊት ውሻሽ አልጮኸም። አሞት ነበር? እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም።"

ያ ሌሊት ውሻው ፎንቆ የነበረበት ነው። ከሰፈሩ ሁሉ መጉደሉን ያወቁ እኚሁ ሰው ብቻ ናቸው! ያን ጊዜ ሌላም ነገር ትዝ አላት። የእነ ገነቴ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ትእዛዝ ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ እሷ ቤት መስኮት ዘግተው በቀስታ ይዘምራሉ። አንድ ሰው ወሬውን ለቀበሌ ቢያደርስ ሁሉም ወኅኒ ይወርዳሉ። ጋሼ ወንዳፈረው ይሰማሉ። በየሳምንቱም አጥሩ ዘንድ መጥተው አቤት ይላሉ፤ "ያቺ ድምፀ ቀጭን ልጅ ዛሬም ቀድማ ገባች! ዜማው ተበላሸ!" አቤቱታቸው ግን ከአጥሩ አልፎ የትም ሄዶ አያውቅም።

ተነሣች፤ ውሻውን ይዛ በራቸውን አንኳኳች።

"እኔ? ይህን ጯሂ? ጎመኔ ላይ?" አሉ ጋሼ ወንዳፈረው፤ ይህን እያሉ ገመዱን ተቀብለዋታል። "ስሙንስ ማን ብዬ ልጥራው?"

ገነቴ መሬት መሬት አየች። "ጋሼ... ደስ ያለዎትን ይበሉት።"

"አይሆንም። እንስሳ በስሙ ካልተጠራ ይከፋዋል" አሉ፣ ቆጣ ብለው።

ጵርስቅላ በሰላም ተገላገለች፤ ገነቴም አርሳት፣ ጠና ስትልላት ተመለሰች። አውቶቡስ ተራ የተቀበለቻት ውቢት በሳቅ ልትሞት ነው። ኮሚቴው የመርዙን ሥጋ በባልዲ ይዞ ሲመጣ ጋሼ ወንዳፈረው ውሻውን አልጋቸው ሥር አስገብተው በር ላይ ቆመው ጠበቁት አለቻት። "ባልዲው ይንኳኳል! ሥጋው ዝንብ ጠራ! ጓድ ተገኘ፣ ጫማህ ምነው እንዲህ ይረግጣል? እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም፤ ለአብዮቱ ነው!" ተገኘ ላብ በላብ ሆኖ ያንን መንገድ እንዳለ ዘሎት ሄደ።

ገነቴ ውለታውን በምን ትክፈል? ሽቦና መዶሻ ይዛ አጥሩ ሥር ተንበረከከች።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ቀዳዳዋን ልድፈንልዎ፣ ጋሼ።"

ጋሼ ወንዳፈረው ወደ ቀዳዳዋ ጎንበስ አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ደግመውም ጠረጉ።

"ተይው። ነፋስ ይገባበታል። ለጎመኑ ጥሩ ነው።"

"ለጎመኑ?"

"እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም አልኩሽ!"

ምን አገባህ ይህ ክርክር ሳያልቅ በቀዳዳዋ ሾልኮ ጎመኑ መሐል ተጋድሟል።

በዚያ ሳምንት መዝሙሩ ሊጀመር ሲል ገነቴ ተነሥታ በአጥሩ በኩል ያለውን መስኮት ትንሽ ገርበብ አደረገችው። ድምፀ ቀጭኗ ልጅ እንደ ልማዷ ቀድማ ገባች። አጥር ማዶ ጉሮሮ ተጠረገ። ገነቴም ከዱራሜ ተመልሳ በእርግጥ ቤቷ መግባቷን ያን ጊዜ አወቀች።