የሊቀ ጎተራ ታንዲ እርማት

በእንግሊዝ ገጠር አሮጌ ጎተራ ያለበት ርስት ሁሉ፣ ከጎተራው ጋር አብሮ የተሰጠው አንድ ሽማግሌ አለው። ማንም አልቀጠረውም፤ ስለዚህ ማንም ሊያሰናብተው አይችልም። እንግዳ ገና ደጃፉን ሲረግጥ ከምሰሶ ኋላ ብቅ ይልና ያልተጠየቀውን ይመልሳል።

የእኛው፣ የሃልስዌል ርስት ሽማግሌ፣ አምብሮዝ ታንዲ ይባሉ ነበር። በርስቱ ጽሕፈት ቤት በሠራሁባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት በልቤ ያወጣሁላቸው ማዕረግ ግን «ሊቀ ጎተራ» ነው። የሚወዷት ቃል አንዲት ብቻ ነበረች፦ «ስህተት!» ይህችን ቃል ሲናገሩ በእጃቸው የያዙትን፣ ከዘራም ይሁን የሻይ ማንኪያ፣ አጠገባቸው ባለው እንጨት ላይ ኳ! ያደርጉታል።

አንድ የመከር እሑድ ቄሱ ሲሰብኩ፣ የጎተራው ሁለት ግዙፍ በሮች ፊት ለፊት የተሠሩት ጋሪው በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ነው አሉ።

«ስህተት!» ኳ! «ለጋሪ አንድ በር ይበቃዋል፣ አባ። ሁለቱ በሮች ለነፋስ ናቸው። መሐላቸው አውድማ ነው፤ እህሉን ወደ ላይ ሲበትኑት ነፋሱ ገለባውን ይወስዳል፣ ፍሬው ይወድቃል። በሉ ስብከትዎን ይቀጥሉ።»

ጎተራው ውስጥ ልትዳር የመጣች ሙሽራ፣ ከጣሪያው ሥር ያለችውን ክብ ቀዳዳ አይታ «የርግብ ቤት ናት? እንዴት ደስ ትላለች!» ብትል፣ «ስህተት! የጉጉት በር ናት። አይጥ ትብላልን ብለው የከፈቱላት» አሏት። ሙሽራይቱ ሌላ አዳራሽ ተከራየች። እኔም ሥራ በጀመርኩ ዕለት «ጎተራው ዘሟል» ብዬ ነበር። «ስህተት፣ አንቺ ልጅ። አርፏል።» ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ሃምሳን ካለፍኩም በኋላ «አንቺ ልጅ» እንደሆንኩ ቀረሁ። የፈረሶቹ ጋጣ መስኮት ለምን ወደ ምሥራቅ እንደዞረ እንኳ የነገሩኝ ምሳዬን ስበላ ነው፤ ፈረስ ጫኙ ጎህ ሲቀድ የሚነሣ ሰው ስለሆነ የመጀመሪያዋ ብርሃን ለእርሱ ትገባዋለች።

ዋናው ትምህርታቸው ግን በእንጨቶቹ ላይ ስላሉት ጭረቶች ነበር። መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ከሦስተኛው በኋላ ወድጄዋለሁ። የጥንት አናጢዎች ኦክ የሚባለውን ጠንካራ እንጨት መሬት ላይ አጋድመው፣ የእያንዳንዱን እንጨት ጫፍ ለሚገባበት ቀዳዳ ብቻ ይጠርቡት ነበር። ስለዚህ ሁለት የሚመሳሰል እንጨት የለም። ከዚያ ፈታተው ከማቆማቸው በፊት፣ እንዳይጠፋባቸው በየመገጣጠሚያው በመሮ የሮማውያንን ቁጥር ይጭሩበታል። አራትን ግን እንደ ሊቃውንቱ አይጽፏትም፤ አራት ጭረት አድርገው ይደረድራሉ። ለምን ቢሉ፣ የሊቃውንቱ አራት እንጨቱ ሲገለበጥ ስድስት ይመስላል። ሊቀ ጎተራ ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው ያበራል፦ «ፊደል የቆጠረ ሰው ሠርቶት ቢሆን ኖሮ፣ አንቺ ልጅ፣ እስከ ዛሬ አይቆምም ነበር!»

የዛሬ ዓመት በየካቲት ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸውም ተዘጋ። በሚያዝያ፣ የበሰበሱ እንጨቶች ስለነበሩ፣ ሥራ ተቋራጩ ደንስታን ጎተራውን ለእድሳት ፈታታው። ደንስታን ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩ ንጹሕ ነገር መውደዱ ነው። የርስቱ እመቤት ሊጎበኙ ነው ሲባል፣ ስልሳ ሦስቱን እንጨቶች አሸዋ በሚተፋ ማሽን አጠባቸው።

«አምሯል አይደል፣ ሄስተር?» አለኝ።

እንጨቱ እንደ ተላጠ ድንች ነጥቷል። ጭረቶቹን በጣቴ ፈለግኋቸው። አንድም አልቀረም።

እመቤቲቱ ቁርጡን ተናገሩ፤ እስከ መስከረም ካልቆመ እንጨቱ ይሸጣል። የአሮጌ ኦክ የምድጃ መደርደሪያ የሚሹ የከተማ ሰዎች ሞልተዋል።

የእያንዳንዱን እንጨት ፎቶ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ሊቀ ጎተራ ግድግዳውን ያያሉ። «ሚስተር ታንዲ፣ ይህ የት ነበር?» «ይህስ?» ዓይናቸው ከግድግዳው አልተነቀለም። ነርሷ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «አትድከሚ፣ ለማንም አይመልሱም» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጬ ፎቶዎቹን እየሰበሰብኩ፣ «ለነገሩ የላም በረት ነበር፤ ቢሸጥስ ምን አለበት» አልኩ።

ኳ!

በግራ እጃቸው የሾርባ ማንኪያ ይዘው የአልጋውን ብረት መትተዋል። ዓይናቸው እሳት ሆኗል።

ገባኝ። ሊቀ ጎተራን መጠየቅ ከንቱ ነው፤ በፊታቸው መሳሳት ነው እንጂ። «ይህ ሦስተኛው ምሰሶ ነው።» ኳ! «አራተኛው።» ኳ! «አምስተኛው።» ዝም። በፎቶው ጀርባ አምስት ብዬ ጻፍኩ። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ተሳሳትኩ። በሽተኞቹ አጉረመረሙ፤ ነርሷ ማንኪያውን በእንጨት ማንኪያ ለወጠችው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሁለት ደጋፊ እንጨቶች ብቻ ቀሩ፤ የአንድ ምሰሶ ግራና ቀኝ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

«ይረፉ። ነገ እንጨርሰዋለን» አልኳቸው።

ኳ።

ከእርሳቸው የሰማሁት የመጨረሻ እርማት ይኸው ነው። በማግስቱ ስደርስ አልጋው ባዶውን ተነጥፎ ነበር።

በነሐሴ ጎተራው ቆመ። ደንስታን መሰላሉ ላይ ሆኖ፣ ሁለቱን ደጋፊ እንጨቶች እያሳየ «የግራው የቱ ነው?» ብሎ ጮኸ። አላውቅም ነበር። አንዱን ጠቆምኩና «ይኼኛው!» አልኩ፤ ጮክ ብዬ፣ አውድማው ሁሉ እንዲሰማ። ከዚያም ጠበቅሁ። ነፋሱ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ወጣ። የመታ የለም።

እንጨቱ ቀዳዳው ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ሆንኩ። ብሳሳት በወደድኩ።