በሁዳዴ የመጣ ጊፍት

ቤት የሚያፈርሰው ምንም የማያውቅ ሰው አይደለም፤ ትንሽ የሚያውቅ ነው። አታምኑኝም? እንግዲያው ባለፈው ዓርብ እዚህ እንግሊዝ አገር ኪልበርን፣ እህቴ ቤት ያደረግኩትን ስሙ።

የእህቴ ልጅ ሜሮን አንድ ጀርመናዊ ወዳለች። እህቴ እትዬ ዘነበች ግን ነገሩ አልተዋጠላትም። "ዘሩ ሳይጠየቅ?" ትላለች... ጀርመን ወርዳ ሰባት ቤት ልትቆጥር! ሜሮን ደግሞ እናቴ እሺ ካላለች አላገባም ብላለች። በስንት ልመና እትዬ የልጁን እናት፣ ወይዘሮ ሄልጋን፣ ቤቷ ጠራች።

ሴትዮዋ በሪባን የታሰረ ቸኮሌት ይዘው ከች አሉ። እትዬ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ አመስግና፣ ሳትከፍት መኝታ ቤት አስገባችው። እንግዳ ፊት ስጦታ መክፈት ስግብግብነት ነዋ! ደግሞም ሁዳዴ ነው፤ ወተት የነካውን በዓይኗም አታይም። የሴትዮዋ ፊት ግን ቅጭም አለ። እነሱ ዘንድ ስጦታ እዚያው ተቀድዶ "ዋው" ካልተባለ እንደተጣለ ይቆጠራል።

ይሄኔ እኔ አዋቂው ጣልቃ ገባሁ። ለዚህ ቀን ብዬ ስልኬ ላይ ሰርች ሳደርግ ሰንብቻለሁ። እንግሊዝ "ጊፍት" ሲል ስጦታ ነው፤ ጀርመን "ጊፍት" ሲል መርዝ ነው፤ ስዊድን ደግሞ መርዙንም "ጊፍት" ይለዋል፣ ያገባውንም ሰው "ጊፍት" ይለዋል! ሁሉም "መስጠት" ከሚል ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ዘረገፍኩትና፣ "እህቴ ያልከፈተችው መርዝ መስሏት ይሆናል" ብዬ ሳቅኩ።

ብቻዬን። ሜሮን በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲሉ አባቶቻችን እኔን አስበው መሆን አለበት።

ወይዘሮ ሄልጋ ተነሱ። ኮታቸውን ሊያነሱ ነው ብዬ ላብ ሲያጠምቀኝ፣ ቸኮሌቱ ይምጣልኝ አሉ። ከፈቱት፤ አንዱን ራሳቸው ጎረሱ፤ ሌላውን ለእህቴ ዘረጉ። ሳያውቁት እኮ የኛን ወግ ፈጸሙ! ጠጁን አስቀድሞ ራሱ የማይቀምስ አሳላፊ አገራችን ማን ያምነዋል?

እትዬ ጣራውን አየች፤ ሜሮንን አየች። ከልጅነቷ ጀምሮ ጾም ገድፋ የማታውቅ ሴት አፏን ከፍታ ጎረሰች። ሜሮን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እኔም ከደስታው እንዳልጎድል እጄን ወደ ካርቶኑ ሰደድኩ።

እትዬ እጄን መታ አደረገችና፣ ፈገግታዋን ለእንግዳዋ እንደያዘች፣ በአማርኛ፣

"አንተ ጹም" አለችኝ። "እሑድ መግደፌን ለነፍስ አባቴ የምትናገረው አንተ ነህ።"