ለተቀናቃኝ የተመታ ከበሮ

ውድድር በተዘጋጀ ቁጥር አንድ ኮት የለበሰ ሰው ማይክ ይይዝና «ዋናው ማሸነፍ ሳይሆን ተሳትፎው ነው» ይለናል። እናጨበጭባለን። ጭብጨባው ሳያልቅ ግን ሁላችንም ተቀናቃኛችንን ከእግር እስከ ራሱ መለካት ጀምረናል። በድሬ ሙቀት ኮት ለብሶ ንግግር የሚያደርግን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? ታዝኑለታላችሁ እንጂ አታምኑትም።

እኔ በከዚራ ሰፈር ልጆች ማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት እነፋለሁ። የምንፎካከረው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ካሉት ከመጋላ ሰፈር ልጆች ጋር ነው። በመሐላችን ያለው ክረምት ካልሆነ በቀር አሸዋ ብቻ ነው፤ ድልድይም አለው፤ በውድድር ሰሞን ግን ባሕር ያህል ይሰፋል። አብረን የተማርን፣ በአንድ ባጃጅ ተጋፍተን የምንሳፈር፣ በዒድም በፋሲካም አንድ ትሪ የምንከብ ሰዎች፣ ዩኒፎርም ስንለብስ ሰላምታ ይጠፋብናል። እነሱ ሲያልፉ እኛ እናስላለን፤ እኛ ስናልፍ እነሱ ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

በቅርቡ ለውድድር ሜዳ ስንደርስ መጋላዎቹ ትልቁን ከበሮ መሬት ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን ቆመዋል። መቺው ረመዳን የለም። ዕድሜያቸውን በባቡር ጋራዥ የፈጁት አባቱ ንጋት ላይ አርፈውበት ወደ ቀብር ሄዷል። «እኔን አትጠብቁ፣ ግቡ» ብሎ ከበሮውንና ቆቡን ልኮላቸዋል።

ማርሽ ባንድ ያለ ትልቁ ከበሮ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ፦ እግር የሚያርፍበትን ያጣል። ያንን ሜዳው ላይ የማያውቅ አልነበረም። ከእኛ መሐል ፊቱን አዙሮ ፈገግ ያለም አልጠፋም።

መሪያችን ጋሽ ተፈራ በሁርሶ ማሠልጠኛ ወታደር ሲያሰልፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ የሚያውቁበት፣ የዚያን ዕለት ግን ዝቅ አድርገው የተናገሩ።

«ከናንተ የነሱን ምት የሚያውቅ አለ?»

ከዚያ ኅሩት እጇን አወጣች። ኅሩት በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ የምትሰፋ፣ የእኛ የትልቁ ከበሮ መቺ ናት። «ሁሌ ከሥራ ስመለስ እየተለማመዱ እሰማቸዋለሁ» አለች። «ላሾፍባቸው ብዬ ነበር የያዝኩት።»

ከጎኔ ያለው ቢኒያም ቱግ አለ። «አቦ ጋሼ! ዋንጫውን በገዛ እጃችን ልናስረክባቸው ነው?»

«ልጁ አባቱን እየቀበረ ነው» አሉት ጋሽ ተፈራ። «ዛሬ ዋንጫውን ብትወስደው የት ልታስቀምጠው ነው?»

ዳኞቹ ኅሩት ለሁለቱም እንድትመታ ከተስማማችሁ አንከለክልም አሉ። ከባዱ የመጋላዎቹን መሪ ነጅማን ማስማማቱ ነበር። ነጅማ ኅሩትን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ብታበላሺብንስ?»

«እኔም አንቺን ብሆን እጠይቃለሁ» አለች ኅሩት። «ካበላሸሁ እናንተ ትሸነፋላችሁ፤ እኔ ግን ወላሂ ሁለተኛ ከበሮ አልይዝም።»

የኅሩት እናት ስሟን ያወጡላት በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ወላሂ ማለቷን ግን ማንም ልብ አላለውም። እኛ አገር ሰው ከልቡ ሲምል በቀረበው አፍ ነው የሚምለው። ነጅማ የረመዳንን ቆብ አውጥታ ራሷ አጠለቀችላት።

እኛ ቀድመን ገባን፤ ከኅሩት ጋር በደንብ ሠራን። ቀጥለው መጋላዎቹ ገቡ። ኅሩት ገና ላቧ ሳይደርቅ የሌላ ሰው ከበሮ ደረቷ ላይ ታስሮ፣ በሌላ ቀለም ቆብ፣ ፊቷን ቅጭም አድርጋ ታልፋለች። በየምቱ ትሰስታለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሰሰተችም። ለእኛ ስትመታ እንኳ እንዲያ መትታ እንደሆን እንጃ።

አንደኛ መጋላ። ሁለተኛ እኛ።

ቢኒያም ኅሩትን አላናገራትም። ጋሽ ተፈራ «ዩኒፎርም እንዳታወልቁ» ብለው ሁላችንንም ወደ ረመዳን ቤት መሩን። መጋላዎቹም ዋንጫውን ለአንድ ባለሱቅ አደራ ሰጥተው ተቀላቀሉን። ድልድዩን ስንሻገር ማን ከማን ወገን እንደሆነ ይለይ የነበረው በልብስ ብቻ ነው። ቢኒያም ከኋላ ቀርቶ ነበር፤ ግን መጣ።

ረመዳን ደጃፉ ላይ በተዘረጋው ሸራ ሥር ከዘመዶቹ ጋር ተቀምጧል። «አብሽር» አልነው፤ «አላህ ያጽናህ» አልነው። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ለመጠየቅ ያፈረ በሚመስል ድምፅ፣

«እንዴት ሆናችሁ?» አለ።

«አሸነፍን» አለችው ነጅማ።

«ማን መታው?»

ነጅማ በአገጯ ወደ ኅሩት ጠቆመች። ረመዳን ኅሩትን አየ፤ ቆቡን አየ። ምንጣፉ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

«መታጠፊያው ላይ አልፈጠንሽም?»

«ፈጥኛለሁ» አለች ኅሩት አንገቷን ደፍታ።

«እዚያ ጋ አይፈጠንም እኮ።»

«ታዲያ ከማን የሰማሁት መሰለህ?»

ረመዳን ሳቀ። እንባው እየወረደ ሳቀ፤ ቀጥሎ ነጅማ፣ ቀጥሎ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ቢኒያም። ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሽማግሌዎቹ ቀና ብለው አዩን፤ ማንም ግን አልተቆጣንም።